ዳቦ ቤታችን ሰው አልበረክት ሲል የያዝኩት ማስታወሻ

ጥቅምት 3፣ 2018 ሰኞ

ሊጥ አቡኪው ትናንት ለሊት ሳይመጣ ቀረ። ስልኩ ዝግ ነው፣ ሽርጡ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ጋሼ (ዋናው ጋጋሪያችን ነው፣ እኔም ባለቤቴም ሰራተኛውም ሁላችንም ጋሼ ነው ምንለው) ከአንድ ረዳት ጋር ብቻ ኩንታል ተኩል ዱቄት አቡክቶ ቆርጦ ጋግሮ ጠዋት ስደርስ ባዶ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጦ አይኑ ደም መስሏል። እንደምን አደርክ ስለው እግዚአብሔር ይመስገን አለና ጫማውን አድርጎ ወጣ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሱም አንድ ቀን እንደዚ ሽርጡን ሰቅሎ ቢቀር ቤቱ እንደሚዘጋ ያኔ ነው የገባኝ።

ከሰዓት ቁጭ ብዬ የደመወዝ ደብተሩን አገላበጥኩት። ቱሉ ዲምቱ ያለው ይሄ ዳቦ ቤት 11 ሰው ነው ሚይዘው። ካምና መስከረም እስከ ዘንድሮ መስከረም ለነዚህ 11 ቦታዎች 19 ሰው ቀጥረናል፣ ከ19ኙ ዛሬ ያሉት 4 ናቸው። አንድ ሰው በሄደ ቁጥር ለደላላ ምንከፍለው፣ አዲሱ እስኪለምድ የሚበላሸው ሊጥ፣ ዳቦ አልቋል ብለን ምንመልሰው ደንበኛ፣ ለቀሩት ምንከፍለው ኦቨርታይም፣ ሁሉንም ስደምረው በትንሹ 9 ሺ ብር አካባቢ ይመጣል። በ15 ሰው ስታባዙት ሌላ ምድጃ ባይገዛም ግማሹን ይገዛል። ባለቤቴ ቁጥሩን ሳሳየው "ያው የዛሬ ጊዜ ልጅ ስራ አይወድም" አለኝ። እኔም ለሶስት ዓመት ይሄንኑ ስል ነበር።

እስከ ጥምቀት ድረስ ያደረግነውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ። አንድ ውል ብቻ ለራሴ ገባሁ፣ የሄዱት ለምን እንደሄዱ ሳላውቅ አዲስ ሰው አልቀጥርም። እስከዛ ከእህቴ ልጅ ጋር ሆነን እንሸፍናለን።

ጥቅምት 5

ከሄዱት ውስጥ ስልካቸው ያለኝን 12ቱን ደወልኩላቸው፣ 7ቱ አነሱ። መጀመሪያ ላይ ምን እንደምል ግራ ገብቶኝ ነበር፣ ከዛ በቃ እንዲህ አልኩ፣ ተመለስ ለማለት አደለም የደወልኩት፣ ለምን እንደሄድክ ብቻ ንገረኝ፣ ምንም አልቀየምም።

ባለቤቴ ሁሉም ደመወዝ ነው ሚሉሽ ብሎኝ ነበር። ደመወዙን መጀመሪያ ያነሱት ሁለት ብቻ ናቸው። ሌላውን የነገሩኝን እንዳለ ልጻፈው፣ አንዱ ሰው ከአንድ በላይ ምክንያት ያነሳበትም አለ።

አንዱ ረዳት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው ሚኖረው። የኛ ስራ ለሊት 8 ሰዓት ነበር ሚጀምረው፣ በዛ ሰዓት ታክሲ የለም፣ ባጃጅ የለም። "እትዬ ብሩ አደለም፣ ዱላ ይዤ ነበር ምመጣው፣ አንድ ቀን ሁለት ጅብ አስፋልቱ መሀል ቆመው ጠበቁኝ፣ ከዛ በኋላ እናቴ እኔ ቤት እስክመለስ እንቅልፍ አትተኛም ነበር" አለኝ። ስምንት ወር ሰርቶልናል እኮ። እንዴት ነው ምትመጣው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ሁለቱ የተቃጠለ ዳቦ ከደመወዛቸው መቆረጡን አነሱ። አንደኛው ምን አለ፣ "ምድጃው በግራ ጥጉ እንደሚያቃጥል ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ የብረቱን ጥፋት እኔ ነበርኩ ምከፍለው።"

ሶስት ሰዎች ደግሞ ደመወዝ የሚወጣበት ቀን አይታወቅም አሉኝ። አንዳንዴ በ30፣ አንዳንዴ በ4፣ አንዳንዴ ግማሹ በቴሌብር ግማሹ "ነገ"። እኔ አምስት ቀን ምን ያመጣል ብዬ ነበር ማስበው። ያመጣል። ሰራተኞቹ እርስ በርስ እቁብ አላቸው፣ ደመወዝ ሲዘገይ እጣ የወጣለት ሰው ብሩን አያገኝም፣ የቤት ኪራይ የተማመነው በሱ ነው፣ እቁቡ ይፈርሳል፣ ጸብ ይመጣል። የአምና ነሐሴ ሁለቱ ሻጮች የተጣሉበት ምክንያት እኔ ነበርኩ ማለት ነው፣ ዛሬ ነው ያወቅሁት።

የመጨረሻዋን ስደውልላት እጄ ላብ በላብ ሆኗል። ሊጥ ላይ እንደሷ አይነት ሰው አልነበረንም፣ ድፎ ስትደፋ ጋሼ ራሱ ቆሞ ያያት ነበር። ማርገዟን ስትነግረኝና ለሊቱ እየከበደኝ ነው ስትለኝ "እንግዲህ ምን እናድርግ" ነበር ያልኳት። ዛሬ ስጠይቃት "ምን እናድርግ ስትይኝ እኮ ሂጂ ያልሽኝ መሰለኝ" አለችኝ። ልጇ ሰባት ወሩ ነው። እንዴት ናችሁ ብላ ሁሉንም በየስማቸው ጠየቀችኝ፣ የሻይ ማፍያችንን ሳይቀር ተበላሽቶ ነበር ተሰራ ወይ አለች።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ሰዓት ምንም ስራ አልሰራሁም።

ጥቅምት 8

የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ ስልኬ ላይ አውርጄ ሁለት ማታ አነበብኩት። ከዚህ በፊት ሰው ሲከሰን ብቻ ነው ሚያስፈልገው ብዬ ነበር ማስበው።

የራሴን ጥፋት ልዘርዝር። አዋጁ እርጉዝ ሰራተኛ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት እንዳትሰራ ይከለክላል፣ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነሙሉ ደመወዟ ያሳርፋታል። እኔ "ምን እናድርግ" ያልኩት መልሱ ተጽፎ ተቀምጦ እያለ ነው። ከደመወዝ ላይ መቁረጥም እንዲሁ በባለቤቱ ስሜት አይሆንም፣ ህግ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የህብረት ስምምነት፣ የስራ ደንብ ወይ የሰራተኛው የጽሁፍ ስምምነት ያስፈልጋል፣ ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አያልፍም። የኛ አቆራረጥ ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነበር።

ዛሬ ሁሉንም ሰብስቤ መቁረጥ ቆሟል አልኳቸው። ባለቤቴ ተበሳጨ፣ እንግዲያ ማን ይጠነቀቃል አለኝ፣ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ምድጃውን እናሰራ አልኩት። ሰሪው መጥቶ የግራውን ጥግ ከፍቶ አየው፣ የሙቀት መከለያው ረግፏል፣ 6,800 ብር ወሰደ። ዓመቱን ሙሉ ከልጆቹ የቆረጥነውን ስደምረው ከዚህ ይበልጣል።

ጥቅምት 14

ሺፍቱ ተቀየረ። ሶስት ቀን ፈጀብን ግን ሆነ።

ጥያቄው ይሄ ነበር፣ ዳቦው ጠዋት 12 ሰዓት መደርደሪያ ላይ መሆን አለበት፣ ሰዉ ደግሞ ታክሲ ባለበት ሰዓት መጥቶ ታክሲ ባለበት ሰዓት መሄድ አለበት። ባጃጅ በኮንትራት ልንይዝ ነበር፣ ባለባጃጁ በለሊት አልነዳም አለ፣ አልፈርድበትም። ጋሼ ነው መላውን ያመጣው፦ "ማታ 3 ሰዓት ይግቡ፣ እራት ይብሉ፣ 4 ሰዓት ማቡካት እንጀምር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ይውጡ፣ ሊጡ ቀስ ብሎ ሲነሳ ዳቦውም ይጥማል።" እውነቱን ነው፣ እርሾውን ቀንሶ ጊዜ ሰጠው፣ ዳቦው በማግስቱም አይደርቅም፣ ደንበኛ ሳይቀር ዱቄት ቀየራችሁ እንዴ አለን።

ከጀርባ ያለችውን የጆንያ ክፍል አጽድተን ሁለት አልጋ፣ አንድ ቡታጋዝ አስገባን። እራት ከቤቱ ነው፣ ሽሮም ይሁን ምስር። አንድ ሰው የሰራው ከስምንት ሰዓት በላይ ከሆነ ትርፉ ኦቨርታይም ነው፣ የሰዓቱ ክፍያ እስከ ጠዋት 12 ባለው የለሊት ሰዓት በ1.75፣ ከጠዋት 12 በኋላ በ1.5 ይባዛል። ይሄን በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

ጥቅምት 22

ደመወዝ ቀን 28 ሆነ፣ 28 እሁድ ቢሆን 27። ለዚህ ስል ከዱቄት አቅራቢው ጋር የክፍያ ቀን መቀየር ነበረብኝ፣ ለምኜ ነው የተስማማው።

ጡረታው ነው ያስቸገረኝ። እስካሁን የተመዘገቡት ጋሼና ካሸሯ ብቻ ናቸው። ሁሉንም ላስመዘግብ ስል ልጆቹ ራሳቸው "እትዬ ብሩን በእጃችን ስጪን" አሉኝ። እውነት አላቸው፣ 7 በመቶ ከኪስ ሲወጣ ይታያል፣ እኛ ምንጨምረው 11 በመቶ ግን አይታይም። ስለዚ በአንድ ሰው ደመወዝ ወረቀት ላይ ሰራሁላቸው። 8,000 ብር ያልተጣራ ብንል፣ ባለፈው ሐምሌ በጀመረው አዲሱ የግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም (ድሮ 600 ብር ብቻ ነበር)፣ ከዛ በየእርከኑ ተሰልቶ ግብሩ 1,150 ይመጣል፣ በድሮው ቢሆን 1,445 ነበር። ጡረታ 560። በእጅ 6,290። በሱ ስም ግን በየወሩ ሚገባው 560 ብቻ አደለም፣ የኛ 880 ተጨምሮ 1,440 ነው። ይሄን ሲያዩ አንዷ ሻጭ "ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ያ 880 የት ነበር?" አለችኝ። እኛ ጋ ነበር አልኳት። ምን ልበላት፣ እውነቱ እሱ ነው። ሁሉም ተመዘገቡ።

ህዳር 2

አሁን ነው ሰው ምፈልገው። ሁለት ሰው፣ አንድ አቡኪ አንድ ረዳት።

የድሮ ማስታወቂያችንን አውጥቼ አየሁት፦ "ሰራተኛ እንፈልጋለን፣ የስራ ልምድ 2 ዓመትና ከዛ በላይ፣ ተያዥ ማቅረብ የሚችል፣ ደመወዝ በስምምነት"። ከዚህ ላይ ሰው ምን ያውቃል? በስምምነት ማለት እኮ ትንሽ ነው ማለት እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ጎበዙ ሰው ታክሲ ከፍሎ መጥቶ አይጠይቅም፣ ሚመጣው የቸገረው ብቻ ነው፣ እሱም የተሻለ ሲያገኝ ይሄዳል።

አዲሱ እንዲህ ይላል፦ "ሊጥ አቡኪ፣ 8,000 ብር ያልተጣራ፣ ደመወዝ በየወሩ 28። ስራ ከማታ 4 እስከ ጠዋት 12፣ እራት ከቤቱ፣ ማረፊያ አለ፣ ጡረታ አለ። በሳምንት አንድ ቀን እረፍት። ልምድ ባይኖርም እናስተምራለን፣ የሙከራው ሁለት ለሊት ይከፈላል።" ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት፣ ወረዳው ሥራና ክህሎት ጽህፈት ቤት ሰሌዳ ላይ አስለጠፍኩ፣ ከሁሉ በላይ ግን ለሰራተኞቻችን ነው የነገርኳቸው፣ አብሮህ ለሊት ሊሰራ ምትፈልገውን ሰው አምጣ፣ ሰውየው ሶስት ወር ከቆየ ላመጣው 1,000 ብር እሰጣለሁ። ለደላላ ስከፍል የነበረውን ነው ወደነሱ ያዞርኩት። ደላላው ሰው ባመጣ ቁጥር ነው ሚጠቀመው፣ የኛ ልጅ ግን ሰነፍ ካመጣ ለሊቱን ሙሉ ሸክሙ የራሱ ነው።

በአራት ቀን 23 ሰው ደወለ። ድሮ በሁለት ሳምንት አምስት ሰው ነበር።

ህዳር 9

ቢሮ አስቀምጦ ኢንተርቪው ማድረግ ትቻለሁ። ዳቦ ቤት ውስጥ "ራስህን አስተዋውቅ" ምን ያደርጋል። ስድስት ሰው መረጥን፣ ሁለት ሁለት እያደረግን ሁለት ለሊት ከጋሼ ጋር አሰራናቸው፣ ሙሉ የቀን ሂሳባቸውን ከፍለን።

አንዱን ልንገራችሁ። ዕድሜው 21፣ ከሸዋ ገጠር ከመጣ አራት ወሩ ነው፣ በቀን ስራ ብሎኬት ሲሸከም የነበረ፣ ዳቦ ሰርቶ አያውቅም። ረዳታችን ነው ያመጣው፣ አንድ ግቢ ተከራይተው ነው ሚኖሩት። ጋሼ ውሃ ለካ ብሎ ባልዲ ሰጠው። የህዳር ብርድ ነው፣ ከታንከር የሚወርደው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ልጁ ባልዲውን ሞላና ወደ ማቡኪያ ማሽኑ ከመገልበጡ በፊት እጁን ከተተው፣ ትንሽ ቆየና "ይሄ እርሾውን አይገድለውም?" አለ። ጋሼ ከምድጃው ዞሮ አየው። "አይገድለውም፣ ያስተኛዋል፣ ሙቅ ጨምርበት" አለው። ከየት አወቅህ ስለው እናቴ እንጀራ ስታቦካ በብርድ ጊዜ ለብ ያለ ውሃ ነው ምትጠቀመው አለኝ። ሌላው ተወዳዳሪ የሁለት ዓመት ልምድ ነበረው፣ እጁ ፈጣን ነው፣ ግን ሊጡ በጣም እየላላ መሆኑን እያየ ዝም ብሎ ቆረጠው፣ እሱ የኔ ስራ አደለም አይነት ነገር ነበረው። ጋሼ ጠዋት ላይ "ፈጣኑን ውሰጂ ካልሽ ውሰጂ፣ እኔ ግን ያንን የብሎኬት ልጅ እፈልጋለሁ" አለኝ።

ወሰድነው።

ህዳር 13

ተያዥ ጉዳይ። ልጁ ተያዥ የለውም። "አዲስ አበባ ማንን አውቄ ነው እትዬ" አለ። ባለቤቴ ያለ ተያዥ አይሆንም ብሎ ድርቅ አለ፣ ከዚህ በፊት ሂሳብ ይዞ የጠፋ ሻጭ ስለነበረ ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን አሰብኩት፣ ሊጥ አቡኪ ምን ይዞ ይጠፋል፣ ሊጥ? ተያዥ ካሽ ለሚነኩት ብቻ ይሁን አልን፣ ለሌላው ቀበሌ መታወቂያ ወይ ፋይዳ፣ የጤና ምርመራ ካርድ፣ እና ከዚህ በፊት የሰራበት ቦታ አንድ ሰው ስልክ። ብሎኬት ማምረቻው ጋ ደውዬ ፎርማኑን አገኘሁት፣ "ወስዳችሁብኝ ነው?" ብሎ ተበሳጨ። ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ውል በጽሁፍ ሰጠነው፣ የሙከራ ጊዜው 60 የስራ ቀን ብሎ ይላል፣ አዋጁም ከዚህ በላይ አይፈቅድም። ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ከዛ እሱ ራሱ ቀስ ብሎ ደግሞ አነበበውና ፈረመ። አንዱን ኮፒ በላስቲክ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ህዳር 17

ድፎዋ ልጅ ተመለሰች! በቀን ሺፍት፣ ከጠዋት 2 እስከ ቀን 10። ጾሙ ስለገባ ኬክ ቀዝቅዟል፣ የጾም ቦምቦሊኖና ድፎ ትሰራለች። ጠዋት ከሰፈሯ መጥታ ልጇን እናቷ ጋ ትታ። እኔ ጋ ስትገባ ይቅርታ አልኳት፣ በሰው ፊት፣ ምክንያቱም "ምን እናድርግ" ያልኳትም በሰው ፊት ነበር። አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም።

ህዳር 26

ከሁሉም የከበደው ይሄ ነው፣ የጋሼ ነገር።

ረዳቶቹ ከሄዱበት ምክንያት አንዱ (በስልክ ሁለቱ ነግረውኛል) ምድጃ አያስነካንም የሚል ነው። ሁለት ዓመት ረዳት ሆነህ ሁለት ዓመት ጆንያ ትሸከማለህ፣ ምድጃውን ሳትማር ትሄዳለህ። ጋሼን ስጠይቀው መጀመሪያ "ዕቃ ይሰብራሉ" ምናምን አለ። ሻይ ይዤለት ለብቻችን ስንሆን ነው እውነቱን ያወጣው። ከዚህ በፊት መሀል ከተማ አንድ ቤት ሲሰራ ሁለት ልጅ አስተምሮ ነበር፣ ልጆቹ እንደቻሉ ባለቤቱ እሱን አሰናበተው፣ በግማሽ ደመወዝ ልጆቹን አስቀጠለ። "ከዛ ወዲህ እጄን ለሰው አላሳይም" አለኝ። 54 ዓመቱ ነው። እጁ ላይ ከክርኑ በታች የትሪ ጠባሳ መስመር መስመር ሆኖ አለ፣ ሲናገር ያንን ያሻሸዋል።

ምን ልለው እችላለሁ? አላሰናብትህም ብል ቃል ብቻ ነው፣ ያኛውም ብሎት ይሆናል። ስለዚ በወረቀት አደረግነው። ጋሼ ከዛሬ ጀምሮ የምርት ኃላፊ ነው፣ ደመወዙ ጨመረ፣ ምድጃ ላይ ቢቆምም ባይቆምም አይቀንስም። አንድ ሰው ምድጃውን ብቻውን ለአንድ ሳምንት መምራት ከቻለ ለጋሼ 3,000 ብር፣ ለልጁም የደመወዝ እርከን። እርከኑን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው፣ ረዳት፣ ቆራጭ፣ አቡኪ፣ ምድጃ፣ በየደረጃው ስንት ብርና ምን ምን መቻል እንዳለበት። ሻጮቹ "የኛስ?" አሉ፣ ልክ ናቸው፣ የነሱን ረስቼው ነበር፣ በማግስቱ ተጨመረ።

ሌላም ነገር አገኘሁ። ጋሼ እኛ ጋ ሶስት ዓመት ሲሰራ አንድም ቀን የዓመት ፈቃድ ወጥቶ አያውቅም። ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ 16 የስራ ቀን ይገባዋል፣ ከዛ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፣ ከሁለት ዓመት በላይ ደግሞ አይተላለፍም። ከጥምቀት በኋላ ትወጣለህ አልኩት። "ማን ይጋግራል?" አለኝ። "እሱ ያንተ ስራ ነው፣ አስተምረው" አልኩት።

ታህሳስ 11

አንድ ሰው ለቀቀ። ቆራጩ፣ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካ ገባ፣ ሰርቪስ አላቸው፣ ደመወዙም ከኛ በ1,500 ይበልጣል። አልቻልንም፣ በዛ ዋጋ መወዳደር አንችልም፣ ይሄንንም መጻፍ አለብኝ። ግን አስራ አምስት ቀን አስቀድሞ ነገረን (በህጉ 30 ቀን ነበር፣ ፋብሪካው ግን አይጠብቅም፣ ተስማማን)፣ ለሚተካው ሰው ስራውን አሳየ፣ የመጨረሻ ቀኑን ከሁሉም ጋር ቁርስ በልቶ ወጣ። የስራ ልምድ ደብዳቤውን በዛው ቀን ሰጠሁት፣ ድሮ ክሊራንስ እያልን ሰው ምናመላልሰው ነገር በጣም ያሳፍረኛል አሁን ሳስበው።

ታህሳስ 30

ገና አለፈ። የበዓሉ ዋዜማ ለሊት የድፎ ትዕዛዝ ከአምናው በእጥፍ ነበር፣ ድፎዋ ልጅ በቀን ሺፍቷ ላይ ኮባ ስታነጥፍ ስትደፋ ዋለች፣ ለሊቱን ወንዶቹ ጋገሩ። በበዓል ቀን የሰራ ሰው እጥፍ ይከፈለዋል፣ በዛው ጠዋት በካሽ ሰጠኋቸው፣ በ28 ይታሰባል አላልኩም። አምና በዚሁ ቀን ሁለት ሰው ሳይመጣ ቀርቶብን ነበር። ዘንድሮ አንድም ሰው አልቀረም፣ እንዲያውም እረፍት የነበረው ረዳት ከእናቱ ጋር መጣ፣ ያቺ እንቅልፍ ያጣችው እናት አይደለችም፣ የሌላው ነው፣ ጠላ በጆግ ይዛልን መጣች።

ጥር 6

የብሎኬቱ ልጅ ምድጃውን ብቻውን ሰባት ለሊት መራ። አራተኛው ለሊት መብራት ጠፍቶ ግማሽ ትሪ ዳቦ ተኮማተረበት፣ ደንግጦ ቆርጣችሁ ውሰዱ አለን ራሱ። ማንም ምንም አልቆረጠበትም፣ ጋሼ የተኮማተረውን አንስቶ ገመጠና "ለሻይ ይሆናል" አለ። 3,000ው ለጋሼ ተከፈለ። ልጁን ያመጣው ረዳት ደግሞ ሶስት ወሩ ሲሞላ 1,000 ብሩን ይወስዳል፣ ቀኑን ቆጥሮ ጽፎ አስቀምጧል።

ጥር 15

ጋሼ ትናንት ጠዋት መንዝ ሄደ፣ 16 ቀን። መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው፣ ሻንጣው ውስጥ ሁለት ድፎ ነበር።

ማታ እኔም ከልጆቹ ጋር አደርኩ፣ እምነት አጥቼ አደለም፣ ቤቴ ብሆንም እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። 4 ሰዓት ላይ ማቡኪያ ማሽኑ ተነሳ። ልጁ ውሃውን በእጁ ነካ፣ ሙቅ ጨመረ፣ ደግሞ ነካ። ብዙ አላወራም። አዲሱ አቡኪ ጠየቀው፣ እሱ መለሰ፣ ጋሼ ሚመልስለት በነበረው አይነት ድምጽ።

ለሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ከጀርባው ውሻ ይጮሀል። "ሊጡ ተነሳ ወይ?" አለኝ።

ስልኩን ለልጁ ሰጠሁት።